የሙሽራዋን በር ያንኳኳው

«የሩቋ ሙሽራ» የሚባለው ፊልም ክፍል አንድ ያለቀው በር ሲንኳኳ ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን እንደለበሰች ብቻዋን መርከብ ውስጥ ናት። ባሏ ወደሚጠብቃት ኮከብ እየሄደች ነው። መሬት ከኋላ ጠፍታለች፣ ኮከቡም ገና አልታየም። ሰው የለ፣ ዛፍ የለ፣ የሚተነፈስ አየር እንኳን የለ። እዚያ መሀል በሩ ከውጭ ተንኳኳ። ሙሽራዋ ዞር አለች፤ አለቀ።

ያን ቀን ናዝሬት ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ፣ በእድሩ ድንኳን ስር የነበረው ጩኸት አይወራም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ናሆም ወንበር ላይ ወጥቶ «ይሄ በሰው መቀለድ ነው!» እያለ ጣራውን በከዘራ ይወጋል። ሴቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ያንኳኳው ባሏ ነው አለ፣ ናፍቆት አላስችለው ብሎ መንገድ ላይ ሊቀበላት የወጣ። ግማሹ ደግሞ አማቷ ናት፣ እንዲህ ሰው ሰላም ሲያገኝ ከች የምትል አማት ብቻ ናት አለ። ምንታምር ከሁለቱም አልሆነችም።

«ውሽማ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ባል ምን ሊያደርግ ያንኳኳል? ባል ቁልፍ አለው።»

ከዚያ በኋላ ክፍል ሁለት እስኪመጣ ድረስ ያ በር የግቢው ሥራ ሆነ። ልጅ ያረገዘች እስክትወልድ፣ የወለደችው ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ተወራ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ሟቹን ጨርሰው፣ ንፍሮው ሲዞር «እኔ ግን አማቷ ናት ባይ ነኝ» የሚል አይጠፋም። ምንታምርና ከጎኗ ባለው በር የምትኖረው ፌቨን በዚሁ ነገር ስንቴ ተኳርፈው ስንቴ ታርቀዋል። ፌቨን የአማት ወገን ነበረች። ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ የሆኑ፣ እዚያው ብሎክ ላይ ያረጁ ናቸው። ምንታምር በየጠዋቱ የፌቨንን በር ታንኳኳለች፣ «ብዙ አልቆይም» ትላለች፣ ምሳ ሲደርስ ትወጣለች።

ምንታምር ያን በር አጥብቃ የያዘችው ወዳ አይደለም። ሌላ የሚወራ ነገር እየጠፋ ስለሄደ ነው። ድሮ ኳስ ሲኖር አንድ ብሎክ ሙሉ በአንድ ጊዜ «ጎል!» ሲል ግድግዳው ይነቃነቅ ነበር። አሁን ለየሰው የራሱ ቡድን ነው የሚያሸንፍለት። አንዱ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ጎል ይላል፣ ቆይቶ ሌላው ታች ብቻውን ይላል፣ ከዚያ ዝም ነው። ዜናውም እንደዚያ ነው። ስክሪኑ ፊትሽን አይቶ የምትወጂውን ያወራልሻል። ምንታምር ዜና ስትከፍት ማን ማንን ፈታ፣ የማን ሠርግ ላይ ምግብ አለቀ፣ ይሄው ነው። ደስ ይላል። ግን ለሰው ስትነግሪው ማንም አልሰማውም።

ልጇ ሶልያናም በየማታው ትደውላለች፤ ማለት ስክሪኑ የሠራላት ተወካይዋ ትደውላለች። ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉ አሁን እናቱ ጋ የሚልከው ተወካዩን ነው። መልኳ ሶልያና፣ ድምጿ ሶልያና፣ ሳቋ ሶልያና። ምንታምር አንዴ ልትፈትናት ፈለገችና «አቶ ናሆም ዝሆን ገዛ» አለቻት።

«ውይ እማ! ዝሆን!» ብላ ሳቀች ተወካይዋ። «እና የት አሰረው?»

እውነተኛዋ ሶልያና ብትሆን «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?» ነበር የምትለው። ምንታምር ያን ዕለት ስክሪኑን ፎጣ አለበሰችው። በማግስቱ ግን መልሳ ገፈፈችው፤ ሌላ ማን አላት?

እንግዲህ ክፍል ሁለት መጣ ተባለ። ለዚህ ፊልም የወጣው ብር ከተማ ይገነባል ተባለ፤ ኮከቡን እውነት እዚያው ሄደው ነው የቀረጹት ያለም አለ። እሁድ ከሰዓት ሁሉም በየቤቱ በሩን ዘጋ። ምንታምር ፀጉሯን ተሠርታ፣ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ። ሙሽራዋ ከፈተች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የሙሽራው ሚስት! ልጅ አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ። «ባሌን ልታገቢ ነው አሉ» ብላ ገባች። ምንታምር ተነስታ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲያ ያለው ምን ቅጡ! ሚስትየዋ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት፤ ሁለተኛው ልጅ እሷን ካመጣት መርከብ ነጂ የተወለደ ነው። አማትየዋ ይሄን እያወቀች ነው የደበቀችው። ምንታምር ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ እየተራገመች፣ ማንን አስቀድማ እንደምታገኝ እያሰላች ጨረሰችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ፊልም አይታ አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የተኛችው፣ ለፌቨን እንዴት እንደምትነግራት ስትለማመድ።

ጠዋት ቁርስ እንኳን ሳትቀምስ የፌቨንን በር በቀለበቷ ቀጭ ቀጭ አደረገችው።

«አንቺ! አለሽ? ሚስት አለው!»

ፌቨን በሩን ገርበብ አደረገች። «ማን?»

«ሙሽራው ነዋ! ልጅ አዝላ መጣች እኮ!»

«የምን ልጅ?»

«እንዴ፣ አላየሽም? ተኝተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ። ልጅ የለም» አለች ፌቨን።

«እና በሩን ያንኳኳው ማነው ታዲያ?»

የፌቨን ዓይን ከምንታምር ትከሻ አልፎ ደረጃው ላይ ሄደ። «ማንም አይደለም። ነፋስ ነው።»

«ህዋ ላይ የምን ነፋስ?»

«እኔ ምን አውቄ። ነፋስ ነው አለ ፊልሙ። ድስት ጥጃለሁ ምንቱዬ፣ ይቅርታ» ብላ ዘጋችው።

ምንታምር ደጃፉ ላይ ቆማ አሸተተች። የሽንኩርት ሽታ የለም። የምንም ሽታ የለም።

ግቢ ስትወርድ ደግሞ ጭራሽ ጦርነት ነው። አቶ ናሆም ያንኳኳው የሙሽራዋ አባት ነው ይላል፤ «ሳልመርቅሽ ወጣሽ ብሎ ተከትሏት፣ እግሯ ላይ ወድቆ» እያለ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ምንታምር ይቺን ያዘች፤ ልጁ ካኮረፈችው ስንት ጊዜዋ! ዘበኛው ፖሊስ ነው ይላል። ጥርስ የሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች «ውሸታም!» «ውሸታም አንተ ነህ!» ተባብለው ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘዋል። እነሱን ለማስታረቅ ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም እርስ በርሳቸው ተጣሉ። በመጨረሻ አንዲት የጎረቤት ልጅ ቆሻሻ ልትጥል ስታልፍ ቆመችና፣ «እማማ፣ ምን ያጣላችኋል? ለየሰው እኮ ነው የተሠራው» አለች።

«ማለት?»

«በየፊታችሁ ነዋ። እያንዳንዱ የሚወደውን ያሳየዋል።»

ኮሌታዎቹ ተለቀቁ።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች ምንታምር፣ «እውነተኛው የትኛው ነው?»

«ሁሉም እውነተኛ ነው እማማ።»

«አይ፣ እሱን አይደለም። በሩን ያንኳኳው ማነው ነው የምልሽ።»

ልጅቷ አዝና አየቻትና ሄደች።

አቶ ናሆም ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ድንኳኑን እንትከል! እንደ ክፍል አንዱ አብረን እንየው፤ ያኔ አንዱን ለይቶ ይናገራል» አለ። ተተከለ። ወንበር ተደረደረ። ስክሪኑ ያን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ እያየ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፊልሙ ጀመረ።

ምንም አልሆነም። እውነት ምንም። አባት የሚወድ አለ፣ አባት የሚጠላ አለ፤ ልጅ የሚያስቀው አለ፣ ልጅ የሚያስለቅሰው አለ። ማንንም እንዳያስከፋ በሩ ጭራሽ አልተንኳኳም። ሙሽራዋ ልብሷን አጣጠፈች። በመስኮት አየች። ተኛች። ቆንጆ ሙዚቃ አለው። ስትነሳ ያጣጠፈችውን ዘረጋች። ሰው መሀል ላይ አንድ አንድ እያለ ወንበሩን አጥፎ ይወጣ ጀመር። የተሳደበ የለም፣ ጣራ የወጋ የለም። አቶ ናሆም ካስማ ሲነቅል ምንታምር አጠገቡ ቆማ «ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው?» አለችው። እሱም ገመዱን እየጠቀለለ «የቤቱ ይሻላል» አለ።

ወሬው በዚሁ ሞተ። ሰው ሰላም ተባብሎ ይገባል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር የሚሰማው የሚታኘክ ባቄላ ብቻ ሆነ። ምንታምር ፊልሟን አንድ ሁለቴ ደግማ ብታየውም እንደ መጀመሪያው አልሆነላትም። ሚስትየዋ ልጅ አዝላ ስትገባ ወደ ጎን ዞር ብላ «አየሽልኝ?» ልትል ትፈልጋለች፤ ጎኗ ያለው ትራስ ነው።

አንድ ነገር ግን አልለቀቃትም። ነፋስ የተባለው ነገር። ሌላው ሁሉ የራሱን ሲጠየቅ እያለቀሰም እየሳቀም ይናገራል፤ ፌቨን ብቻ ደበቀች። የሚደበቅ ነገር ካለ ደግሞ የሚወራ ነገር አለ ማለት ነው። የሁለቱ ሳሎን በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ምንታምር ከሰዓት ከሰዓት ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ደፍታ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ፌቨን በየቀኑ ምሳ በልታ ያንኑ ፊልም ታየዋለች። በየቀኑ! ሲንኳኳ ይሰማል። ከዚያ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ ረጅም ዝምታ።

«ሴት ናት!» አለች ምንታምር ለግድግዳው። «አማትየዋ ናት ማለት ነው። ይቺ ተንኮለኛ፣ የሷ ግምት ልክ ሆኖላት ነው እኔን እንዳይከፋኝ የደበቀችኝ።»

እሱም ቢሆን ምን ነበረበት? ማወቅ ነው የፈለገችው። አንድ ፊልም፣ የራሷ ያልሆነ፣ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ላይ ያየችው፣ ይሄን ብቻ ነው የፈለገችው። ግን አብሬሽ ልየው ብትላት ስክሪኑ ሁለት ፊት ያይና ፊልሙን ያበላሸዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ሳያያት ማየት አለባት።

የፌቨን ቁልፍ እሷ ጋ አለ፤ የሷም ፌቨን ጋ አለ። ድንገት አንዳችን ብንሞት በር እንዳይሰበር ብለው የተለዋወጡት ነው። ፌቨን ከምሳ በፊት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ምንታምር ገባችና ከሶፋው ኋላ፣ ሶፋውና ግድግዳው መሀል፣ በጉልበቷ ተንበረከከች። በዚህ ዕድሜዋ! ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን ጎረሰች።

ፌቨን ተመለሰች። በላች። ሳህኗን አጠበች። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ሶፋው ምንታምርን ወደ ግድግዳው ገፋት። ፊልሙ ጀመረ። ምንታምር አንገቷን አስግጋ በሶፋው ጎን በአንድ ዓይኗ ስክሪኑን አገኘችው።

ሙሽራዋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፊቷ ሰላም ነው። በሩ ተንኳኳ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ቀለበት ባደረገ ጣት። ከውጭ ጉሮሮ ተጠረገ።

«አንቺ! አለሽ? እኔ ነኝ! ብዙ አልቆይም!»

ምንታምር እጇ አፏ ላይ ሄደ። እሷ የተናገረች ነበር የመሰላት።

ሙሽራዋ መብራቱን አጠፋች። ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ ተራምዳ ግድግዳው ጥግ መሬት ላይ ተቀመጠችና ትንፋሿን ያዘች።

«መብራት አይቼ ነው እኮ የመጣሁት! ጉድ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ አሁን ብነግርሽ አታምኚም! … ተኝተሽ ነው? አሞሻል እንዴ? … ድስት ጥደሻል? … እሺ፣ በኋላ እመለሳለሁ።»

ኮቴው ራቀ። ህዋ ላይ የምን ኮቴ እንደሆነ እንጃ፣ ግን ራቀ። ሙሽራዋ ቆይታ ተነሳች። መስኮቱ ጋ ሄደች። ውጭው ጨለማና ኮከብ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም፣ ሙዚቃም የለ። ሶፋው ላይ ፌቨን ተነፈሰች። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ጫማ አድርጎ የዋለ ሰው ሲያወልቅ እንደሚተነፍሰው። ምንታምር ይሄን ሁሉ ዓመት ስታውቃት ከፌቨን አፍ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ሰምታ አታውቅም።

«ድገሚልኝ» አለች ፌቨን ለስክሪኑ።

ምንታምር ከሶፋው ኋላ ነች፤ የትም መሄድ አትችልም። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «አንቺ! አለሽ?»

አሁን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማው። የተጣዱትን ድስቶች አሰበች፣ ሽታ ያልነበራቸውን። ራሴን ያመኛል የተባለችባቸውን ጠዋቶች። ዛሬ ሐኪም ቤት አለብኝ ተብላ፣ በመስኮት ስትጠብቅ ፌቨን ከቤት ያልወጣችበትን ቀን። ያኔ «ተሻላት ማለት ነው» ብላ ተደስታ ነበር።

ደግሞ ጉዷ፣ ይሄን ሁሉ እያሰበች እንኳን ምላሷ አላረፈም። ለማን ልንገር እያለ ሰው ይፈልጋል። ዕድሜዋን ሙሉ ካገኘችው ወሬ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ የፌቨንን በር ማን እንዳንኳኳ አወቀች! ለአቶ ናሆም? አይሆንም። ለሶልያና ተወካይ? እሷማ «ውይ እማ!» ብላ ትስቃለች። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድማ የምትነግረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ያቺ ሰው ደግሞ እዚህ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ጉድ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ አሁን ብነግርሽ—»

የጉልበቷ ቁርጥማት ጭኗ ድረስ ሲወጣ የሶፋውን ጀርባ ይዛ ቆመች። ስክሪኑ አያት። የውጭዋ ሴት ድምፅ እዚያው ቃሏ ላይ ተቆረጠ። ሙሽራዋ መብራቱን አበራች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

ፌቨን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ዞረች። ሁለት አሮጊቶች ተያዩ።

«መቼ ገባሽ?»

«አሁን።»

«አሁን?»

«በሩ ክፍት ነበር» አለች ምንታምር። እንዳልነበረ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፌቨን ከንፈሯ ነጥቷል። «ምን ሰማሽ?»

«ምን እሰማለሁ? ጆሮዬ ከደከመ ቆየ እኮ።»

በዚያ ግቢ ውስጥ የምንታምርን ጆሮ የማያውቅ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ሆና ምድር ቤት የሚንሾካሾኩ ባልና ሚስት ትሰማለች። ፌቨን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዓይኗን መለሰችና ሶፋው ላይ የነበረውን ሹራቧን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቦታ ተገኘ። ምንታምር እያነከሰች ዞራ መጥታ ተቀመጠች፤ ትከሻቸው እንዳይነካካ ጠርዝ ላይ።

ሙሽራዋ ብርቱካን ትልጣለች። ልጣጩ ሳይቆረጥ ይወርዳል። ሌላ ነገር የለም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ፌቨን፣ ሳትዞር።

«ምንም።»

«አንቺ ዝም ስትይ ያስፈራል። አንድ ነገር አውሪ እንጂ።»

ምንታምር አፏን ከፈተች። ወሬ አጥታ አታውቅም፤ አሁን ግን ውስጧ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የማይወጣ። ሌላው ሁሉ፣ የማን ልጅ፣ የማን ባል፣ ሁሉም የት እንደገባ እንጃ። እጇን ጭኗ ላይ አፍተለተለች። ስክሪኑን አየች። ልጅቷን አየች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ፣ ማን መጣባት ሳትል።

«ይቺ ልጅ ከስታለች» አለች።

«የቷ?»

«ሙሽራዋ።»

ፌቨን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ዓይኗን አጠበበች።

«እውነትሽን ነው። አንገቷንማ እይው።»

«አየሁት» አለች ምንታምር።

ሙሽራዋ ብርቱካኑን ጨርሳ ሌላ አነሳች።